ጳጉሜ ሦስት የተቀጠረችው መምህርት

ሰው በስንት ነገር ይበደላል! ሸዋገነትን የበደለቻት ግን ጳጉሜ ናት ቢባል ማን ያምናል? የዓመቱ ጫፍ ላይ ተሸጉጣ የምትኖር፣ የአምስት ቀን ወር! እርግጥ ነው፣ ጳጉሜ ብቻዋን አልበደለቻትም፤ አጋዥ አላጣችም። አጋዦቿንም አንድ በአንድ እናያቸዋለን።

ሸዋገነት ሸነን ላይ ሒሳብ ስታስተምር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላት ነው። ባሏ ጉደታ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ኅዳር ላይ፣ ጉደር ምሳውን በልቶ እጁን ሲታጠብ፣ ቀኝ ጎኑ ከዳውና ወደቀ። ስትሮክ ነው አሉ። ነፍሱ ተረፈች፤ እጁና እግሩ ግን አልታዘዝ አሉት። ሕክምናው ያለው አምቦ ስለሆነ፣ አምቦ ባለቻቸው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተኛ። እህቱ ጂቱ ልጆቿን ለባሏ ትታ ከሐሮ ወንጪ መጣችና ታነሣዋለች፣ ታጥበዋለች፣ በሳምንት ሦስት ቀን በባጃጅ ፊዚዮቴራፒ ታደርሰዋለች። ሸዋገነት መንገዱ ሰላም በሆነ ሳምንት ቅዳሜን ትመጣለች፤ ባልሆነ ሳምንት በስልክ ታለቅሳለች።

እግሩን የምታሠራው ኤቢሴ የምትባል ባለሙያ ናት። ቃል ማሽሞንሞን አታውቅም። «ስሚኝ እህቴ፣» አለቻት ሐምሌ ላይ፣ «እግሩ መልስ መስጠት ጀምሯል። እንዲህ በሳምንት ሦስቴ ሳያቋርጥ አንድ ዓመት ከመጣልኝ በምርኩዝ ይሄዳል። ካቋረጠ ግን ጅማቱ ይደርቃል። ከደረቀ በኋላ እኔም ሌላም አንመልሰውም።»

ጂቱ ደግሞ ከመስከረም በላይ አልቆይም ብላለች። አይፈረድባትም፤ ልጆቿ ትምህርት ሊጀምሩ ነው። እንግዲህ ያለው መላ አንድ ነው፤ ሸዋገነት ወደ አምቦ መዛወር አለባት። በዚያ ዓመት አምቦ ውስጥ የተገኘው የሒሳብ መምህር ክፍት ቦታም አንድ ብቻ ነበር። ለሕመም ቅድሚያ ይሰጣል እንዳይባል፣ ቅድሚያው መምህሩ ራሱ ሲታመም እንጂ ቤተሰቡ ሲታመም አይደለም። ቦታው የሚሰጠው በአገልግሎት ዘመን ነው። ሙሉ ዓመት ብቻ ይቆጠራል፤ ሁለት ሰው እኩል ከመጣ በሥራ አፈጻጸም ውጤት ይለያል።

ሸዋገነት ይህን ሁሉ ቀድማ አስልታዋለች። ሥራዋ ነዋ! ተወዳዳሪዎቿን አጠያይቃ፣ ከሁሉም የሚቀርባት ጉግሳ የሚባል መምህር መሆኑን ደርሳበታለች። ጉግሳ የተቀጠረው ጥቅምት 1997 ነው፤ አሥራ ስምንት ዓመት አለው። እሷ የተቀጠረችው ጳጉሜ 3 ቀን 1996፤ የ2015 ጳጉሜ ሲያልቅ ድፍን አሥራ ዘጠኝ። መመሪያው ደግሞ ዓመቱ እስኪያልቅ ያለውን ይቆጥራል። አለቀ። ለጉደታም «በዚህ መስከረም አብረን ነን» አለችው። እሱም በተሳሰረ ምላሱ «ዋቅኒ ሃ ጄዱ» አላት፤ እግዜር ይበለን ማለቱ ነው።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ዝርዝሩ ተለጠፈ ሲባል፣ ዓርብ ማለዳ የመጀመሪያውን ሚኒባስ ይዛ ከሸነን ተነሣች። ሁለት ቦታ ጭቃው ይዟቸው ወርደው ገፉ። አምቦ ስትደርስ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጨቅይቷል፤ ማን ግድ አለው! መሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ወረቀቱ ተደርድሯል፤ መምህራን ተጋፍተው ስማቸውን በጣት ይፈልጋሉ። ሒሳብ። አንደኛ፣ ጉግሳ፣ አገልግሎት 18። ሁለተኛ፣ ሸዋገነት፣ አገልግሎት 18።

አሥራ ስምንት? መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና ደግማ አየች። አሥራ ስምንት ነው። እኩል ስለተባሉ ጉግሳ በአፈጻጸም በሁለት ነጥብ በልጧት ቦታውን ወስዷል። እናቱ የሞተችበትና እናቱ ገበያ የሄደችበት እኩል ያለቅሳሉ ሲባል ሰምታ ታውቃለች፤ በማኅተም እኩል ሲደረጉ ግን ያየችው ያን ቀን ነው።

የሰው ሀብት ኃላፊው ኦቦ ቀጀላ ሻይ እየጠጡ ነበር። «አካም ጅርታ በርሲስቱ! ደኅና ነሽ መምህርት? ግቢ፣ ግቢ፣ ተቀመጪ» አሏት። ደግ ሰው ናቸው፤ ደግነታቸው ግን ከወንበር ተነሥቶ አያውቅም።

«ኦቦ ቀጀላ፣ አንድ ዓመት ጎድሎብኛል» አለችና የቅጥር ደብዳቤዋን ፊታቸው ዘረጋች።

«ጳጉሜ ሦስት፣ ዘጠና ስድስት» ብለው አነበቡ። «ደብዳቤውማ ልክ ነው።»

«እንግዲያው አሥራ ዘጠኝ ነኛ!»

«አየሽ፣ ዘንድሮ እኛ አይደለንም የቆጠርነው፤ ሲስተም ነው። በእጅ ስንቆጥር ‹ለዘመዳችሁ ሰጣችሁ› እያላችሁ አጥንታችንን ስትሰብሩት ኖራችሁ፤ ይኸው ዘመድ የሌለው ኮምፒዩተር አመጣንላችሁ። እሱ አይሳሳትም።»

«በጣቴ ልቁጠርልዎት?»

«በጣትማ እኔም እቆጥራለሁ፤ የማሽን ውጤት በጣት አይሻርም እኮ!» ሻያቸውን ፉት አሉና ራሩላት። «እስከ ሰኞ ቅሬታ ማቅረብ ትችያለሽ። ግን ለምን የሠራውን ልጅ አታናግሪውም? የሸነን ልጅ ነው፤ ያንቺው ተማሪ። ፍጹም።»

ፍጹም! ልቧ መለስ አለላት።

ፍጹምን እንዴት ትረሳዋለች? በ2006 አሥረኛ ክፍል ነበር። ሸነን የነበረችው የፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒዩተር በተበላሸች ቁጥር የሚጠራው እሱ ነው፤ በኮምፒዩተር እጁ የተባረከ ነበር። ሒሳብ ላይ ግን፣ ኤዲያ! ሲያካፍል ቀሪ ከመጣበት ቀሪውን ጥሎት ያልፋል። «ቲቸር፣ የተረፈውን ማን ይፈልገዋል?» ይላታል፤ ክፍሉ ይስቃል፣ እሷም ትስቃለች። «አንተ ልጅ፣ አናጺ ብትሆን ልክ አለብህ፤ ነርስ ብትሆን የመድኃኒቱ መጠን አለብህ፤ የኔ ባል ሹፌሩ እንኳ ጭነቱን ከዳገቱ ጋር አስልቶ ነው የሚወጣው» ብትለው፣ «እኔ ኮምፒዩተር ነው የምማረው፤ ማሽኑ ያሰላልኛል» ይላታል።

የዓመቱ ውጤቱ አርባ አንድ መጣ። የዚያን ጊዜው ርእሰ መምህር ደግሞ «ተማሪ ከወደቀ የወደቀው መምህሩ ነው» የሚል ፈሊጥ ይዞ፣ ተማሪ ከጣለ መምህር ሁሉ ነጥብ ይቀንስ ነበር። ፍጹምም ቤቷ ድረስ መጥቶ እግሯ ላይ ወደቀ። ከላይ ርእሰ መምህሩ፣ ከታች የልጁ እንባ! ሆዷ አልቻለም። በቀይ እስክሪብቶ አርባ አንዱን ሃምሳ አደረገችው። ደግ የሠራች መስሏት ያን ማታ ጥሩ እንቅልፍ ተኛች። ልጁም አምቦ ወርዶ ኮሌጅ ገባ፤ ፕሮግራመር ሆነ ሲባል ከወላጆቹ እኩል የኮራችው እሷ ናት።

የፍጹም ቢሮ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አጠገቡ ወጣቶች የሚያሠለጥንበት አዳራሽ አለ። በሩ ጋ ስትደርስ ድምፁን ሰማች። «ፕሮግራሚንግ ለመማር ሒሳብ ያስፈልጋል የሚሏችሁን አትስሟቸው! እኔ በሒሳብ ድንጋይ ነበርኩ፤ ይኸው ፊታችሁ ቆሜያለሁ። ኮዱ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል፤ የናንተ ሥራ ማገጣጠም ነው።» ልጆቹ አጨበጨቡ። ሸዋገነት አላጨበጨበችም፤ ግን ፈገግ አለች።

«ቲቸር!» ሮጦ መጥቶ አቀፋት። ለልጆቹ «የሕይወቴ ባለውለታ» ብሎ አስተዋወቃትና ሲወጡ ጠብቆ ወንበር ሰጣት። ወሬው ሁሉ ሲስተሙ ነው። ማክሰኞ ይመረቃል፤ ከሌላ ቦታም እንግዶች ይመጣሉ፤ ከወደዱት ለሁሉም የሚሠራላቸው እሱ ነው።

«የኔን ስም እስቲ ክፈተው» አለችው።

ከፈተው። የቅጥር ቀን፣ መስከረም 3 ቀን 1997 ይላል።

«መስከረምን ማን አመጣው? ደብዳቤው ጳጉሜ ነው የሚለው።»

«እኔ አልነካሁትም ቲቸር። ጸሐፊዋ በቁጥር 3፣ 13፣ 1996 ብላ ነው ያስገባችው፤ ይዩት።»

ሸዋገነት ቁጥሮቹን አየችና ሳቀች። ነገሩ ገብቷታል። ማርከሩን አንሥታ ነጩ ሰሌዳ ጋ ቆመች። «ቀኑን የሚቆጥርልህን ነገር ራስህ ነህ የጻፍከው?»

«አይ፣ ከኢንተርኔት ነው ያመጣሁት። ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት ነው።»

«የፈረንጅ ነው በለኛ። የፈረንጅ ዓመት ስንት ወር አለው?»

«አሥራ ሁለት።»

«አሥራ ሦስት ለአሥራ ሁለት ሲካፈል?»

«አንድ...» አለና ቆመ።

«አንድ ደርሶ?»

«አንድ ይቀራል።»

«ጎሽ! የደረሰውን አንድ፣ ዓመት ነው ብሎ ወደ 1997 አሻገረኝ። የቀረውን አንድ፣ የመጀመሪያው ወር ነው ብሎ መስከረም አደረገው። የሰረቀኝ አምስት ቀን ነው። ግን ሙሉ ዓመት ብቻ ስለሚቆጠር አምስቷ ቀን ዓመቱን ይዛብኝ ሄደች።»

ፍጹም ቁልፎቹን መታ መታ አደረገና ጳጉሜ ላይ የተቀጠሩትን ሁሉ ጠራ። ሰባ አራት መምህራን መጡ። ያኔ የቅጥር ደብዳቤ የሚታደለው ብዙ ጊዜ ዓመቱ ሊጠባ ሲል ነበርና፣ ሰባ አራቱም አንድ አንድ ዓመት ጎድሎባቸዋል። «ወይኔ ጉዴ!» አለ። «ልክ ነዎት ቲቸር። ሙሉ በሙሉ ልክ ነዎት። ሰኞ ኮሚቴው ፊት እኔ ራሴ መጥቼ አስረዳለሁ።»

ሸዋገነት ከፎቁ ስትወርድ ደስታዋ ሁለት ነበር። አንዱ ቦታዋ መገኘቱ፤ ሁለተኛው፣ ይገርማችሁ፣ ልጁ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ቀሪ ምን እንደሆነ መረዳቱ። አይ መምህር! ቤት ገብታ «ተገኘ!» ስትል ጂቱ እልል አለች። ቅዳሜ ጉደታ አንድ እጁ ግድግዳው ላይ፣ ሌላው ሚስቱ ትከሻ ላይ ሆኖ አራት እርምጃ ሄደ። አምስተኛውን ሊሞክር ሲል ደከመውና አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። ሸዋገነት ባሏ ሲስቅ ካየች ወራት አልፈው ነበር።

ሰኞ ቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ኦቦ ቀጀላ ናቸው፤ አንዲት ቃለ ጉባኤ ያዥ አለች፤ የመምህራን ተወካዩ ጉርሙ አለ። ፍጹም ክራቫት አስሮ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ሸዋገነት ደብዳቤዋን አስቀመጠችና የዓርቡን ስሌት በወረቀት ላይ አንድ በአንድ አሳየቻቸው። ጉርሙ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ አደረገ። «ይሄማ ግልጽ ነው! የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ነው እኮ!»

«ቆይ፣ ባለሙያው ይናገር» አሉ ኦቦ ቀጀላ። «ፍጹም፣ ሲስተሙ ስሕተት አለበት? አለበት ካልክ ዝርዝሩ ይፈርሳል፤ የነገውም ምርቃት ይቀራል፤ እንግዶቹንም መንገድ ሳይጀምሩ ቅሩ እላቸዋለሁ። አስበህ ተናገር።»

ፍጹም ተነሣ። ሸዋገነት፣ የተጨነቀ ተማሪ እንደምታበረታታ፣ ራሷን ነቀነቀችለት።

«ሲስተሙ የሚሠራው በዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ነው» አለ። «በስታንዳርዱ መሠረት አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል የለም። ስለዚህ ችግሩ የሲስተሙ ሳይሆን... የመረጃው ነው።»

«ምን ማለት ነው?» አለ ጉርሙ።

«የቅጥር ቀናቸው ስታንዳርዱን አያሟላም።»

ሸዋገነት መጀመሪያ ያልሰማች መሰላት። «የተቀጠርኩበት ቀን የለም ነው የምትለው? ያኔ ሻንጣዬን ተሸክሜ ሸነን የገባሁበት ቀን የለም? ፍጹም፣ ቀና በልና እየኝ። ዓርብ ለት ምን ብለኸኝ ነበር?»

ፍጹም ቀና አላለም። ክራቫቱን እያፍተለተለ ወለሉን ያያል። እሷ ግን አየችው፤ እግሯ ላይ ወድቆ ያለቀሰው ልጅ ነው፤ ከጢሙ በቀር ምንም አልተለወጠም። ያን ቀን ያዘነችለት ልቧን አሁን ብታገኘው በጥርሷ በዘነጠለችው።

ቃለ ጉባኤው ተጻፈ፤ «ቅሬታው በሲስተሙ ስላልተደገፈ ተቀባይነት አላገኘም»። ኦቦ ቀጀላ ፈረሙ፣ ቃለ ጉባኤ ያዥዋ ፈረመች። ጉርሙ እስክሪብቶውን ሲያገላብጥ ቆየ፣ መስኮቱን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ ፈረመ። ጉርሙ ሳይቀር! «ይሄማ ግልጽ ነው» ብሎ ጠረጴዛ የመታ ሰው!

ፍጹም ደረጃው ላይ ሮጦ ደረሰባት። «ቲቸር፣ ይረዱኝ። ያ ሁሉ እንግዳ እየመጣ... ለሚቀጥለው ዓመት አስተካክለዋለሁ፤ ማርያምን!»

«ሰባ አራት ሰው ነው» አለችው። ተማሪ መታ አታውቅም፤ ያን ቀን ግን እጇን ይዞ ያስቀራት ምን እንደሆነ ራሷም አታውቅም።

ማክሰኞ ሲስተሙ ተመረቀ፤ ሪባን ተቆረጠ፣ ኬክ ተቆረሰ። ሸዋገነት ከዚያ በላይ ላሉትም አቤት አለች። ማመልከቻዋ ዞሮ ዞሮ ኦቦ ቀጀላ ጠረጴዛ ላይ ተመልሶ አረፈ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይሉናል፤ እያደር ማለት ስንት ቀን እንደሆነ የነገረን ግን የለም። መስከረም ላይ ጂቱ እያለቀሰች ወደ ልጆቿ ሄደች። ጥቅምት ላይ ጉደታን ሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ አስተኝተው ሸነን አወጡት።

ሸነን ፊዚዮቴራፒ የለም። ኤቢሴ እንቅስቃሴዎቹን በወረቀት ጽፋ፣ በሥዕል አድርጋ ሰጥታት ነበር። ሸዋገነት ከክፍል ወጥታ፣ እጇ ላይ ጠመኔው ሳይለቅ፣ እግሩን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፣ ትቆጥራለች። አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ። ግን እሷ መምህር ናት፤ የት እንደሚጫን፣ የት እንደሚለቀቅ የሚያውቅ እጅ የላትም። ታኅሣሥ ላይ ጉልበቱ ለመታጠፍ አስቸገረ። ጥር ላይ ሲታጠፍ መጮህ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ጉደታ ራሱ «ዲሲ፣ ዲሲ» ይላት ጀመር፤ ተይው፣ ተይው ማለቱ ነው። የካቲት ላይ ተወችው።

ነሐሴ ሲመጣ አዲሱ ዝርዝር ወጣ። ሒሳብ። አንደኛ፣ ሸዋገነት፣ አገልግሎት 20። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ዕቃዋን ጭና፣ ባሏን አስጭና አምቦ ገባች፤ በነጋታውም ኤቢሴ ዘንድ ወሰደችው። ኤቢሴ ቁርጭምጭሚቱን ያዘች፣ ጉልበቱን ሞከረች፣ ደግማ ሞከረች። ያ ቀጥተኛ አፏ ያን ቀን አሽሞነሞነ። «በደንብ ስትይዥው ነው የኖርሽው፤ ቆዳው አልቆሰለም» አለችና ሌላ በሽተኛ ልትጠራ ወጣች። ሸዋገነት መልሱ ገባት። ጉደታም ገባው፤ ባጃጁ ውስጥ እስከ ቤት ድረስ በደኅናው እጁ እጇን ይዞ ሄደ።

ፍጹም የደወለው በሳምንቱ ነው።

«ቲቸር፣ እንኳን ደስ አለዎት! አየሁት ስምዎን። ቃሌን ጠበቅኩ፤ ኮዱን እኔው ራሴ እንደ አዲስ ጻፍኩት፤ አሁን ከጳጉሜ አንዲት ቀን አያጎድልም። ሰባ አራቱም ተስተካክሎላቸዋል። እና... እርስዎ ልክ ነበሩ። ሒሳብ ያስፈልጋል። ለማሠለጥናቸው ልጆችም አሁን እንደሱ ነው የምላቸው። እና አሰብኩ፤ አምቦ ከገቡ አይቀር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ መጥተው ለልጆቹ ሒሳብ ቢያስተምሩልኝ ብዬ።»

እስኪጨርስ አላቋረጠችውም።

«ፍጹም» አለችው።

«አቤት ቲቸር።»

«ሒሳቡንማ ያን ዓርብ ችለኸው ነበር። አንድ ደርሶ አንድ ይቀራል ብለህ በአፍህ ነግረኸኛል። ሰኞ ለት የጎደለህ ሒሳብ አልነበረም።»

ሸዋገነት ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረችው።

«ያን የጎደለህን የሚያስተምር ከተገኘ ለልጆቹ ፈልግላቸው። እኔ ቅዳሜ ጊዜ የለኝም፤ ጉደታ ከዚህ በኋላ አይነሣም፤ ገላውን የማጥበው ቅዳሜ ነው።»

ስልኩን ዘጋችና ውሃው መሞቁን ልታይ ገባች።